በእድራችን መዝገብ ላይ «ብሔር» የሚል ዓምድ ይግባ?

ጥያቄ፦ «አዘዞ ውስጥ የ140 ቤተሰብ እድር ጸሐፊ ነኝ። መዝገቡ ስላረጀ አዲስ ልናዘጋጅ ነው። ሁለት የኮሚቴ አባላት ‹ማን ከማን ጋር እንደሚኖር ይታወቅ› ብለው ብሔር የሚል ዓምድ እንዲገባ ሐሳብ አቀረቡ። ሌሎቹ ‹እኛ ጋ ሁሉም ጎንደሬ ነው፣ ማንሳቱ ራሱ ነውር ነው› ብለው ወሬውን ዘጉት። ወሬው ግን ሰፈር ገባ። ከሃያ ዓመት በላይ አብሮን የኖረ ትግርኛ ተናጋሪ ቤተሰብ ሁለት ወር መዋጮ አልከፈለም። ከደቡብ መጥተው ቤት የተከራዩ ባልና ሚስትም ማመልከቻቸውን መልሰው ወሰዱ። ጠቅላላ ጉባኤው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ ውድ ጸሐፊ፣

ዓምዱ አይግባ፤ ጉዳዩ ግን ይነሳ። ሁለቱ የኮሚቴ አባላት መጠየቅ የሌለበትን ሊጠይቁ ነው፤ ሌሎቹ ደግሞ መጠየቅ ያለበትን ጭምር እየዘጉ ነው። እድር ስለ አባሉ ማወቅ ያለበት በሐዘኑ ቀን ምን እንደሚያስፈልገው ነው። ብሔሩን ማወቅ ድንኳን አይተክልም፣ አስከሬን አያሸክምም። ቀብሩ የት እንደሚፈጸም፣ በስንት ሰዓት ውስጥ መሆን እንዳለበት፣ ለቀስተኛው ምን እንደሚበላ፣ ሩቅ ላለው ዘመድ ማን ደውሎ በምን ቋንቋ እንደሚያረዳው ማወቅ ግን የእድር ዋና ሥራ ነው።

በመጀመሪያ ዓምዱን እንይ። የእድር መዝገብ ከጸሐፊው የሥራ ዘመን ይረዝማል፤ ዛሬ በእርስዎ ሣጥን ተቆልፎ ቢቀመጥም ነገ በማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅም። የቤት ቁጥር፣ የቤተሰብ ብዛት፣ ስልክና ብሔር በአንድ መስመር ሲሰፍሩ በደህናው ቀን ተራ ወረቀት ነው። ክፉ ቀን ሲመጣ ግን የማን በር እንደሚንኳኳ የሚነግር ዝርዝር ይሆናል። በ1994 እ.ኤ.አ. በሩዋንዳ ኬላዎች ላይ ሰው የሚያልፈውና የሚገደለው መታወቂያው ላይ በተጻፈ አንድ ቃል ነበር። በአገራችንም የቀበሌ መታወቂያ ብሔር ሲጽፍ ኖሯል፤ ብሔራዊው ዲጂታል መታወቂያ ፋይዳ ግን ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ፆታ፣ አድራሻ፣ የጣት አሻራ፣ የዓይን ምስልና ፎቶ ይወስዳል እንጂ ብሔር አይጠይቅም። አንድን ሰው ከሌላው ለመለየት መንግሥትን ካላስፈለገው፣ በየቀኑ በስም የሚጠራሩ ጎረቤታሞችን ምን ያደርግላቸዋል?

«ታዲያ ሕዝብ ቆጠራ ለምን ይጠይቃል?» የሚል አባል ይነሳል፤ ተዘጋጅተው ይጠብቁት፣ ጥያቄው ተገቢ ነው። ከቆጠራ የሚወጣው ድምር ነው፤ የእገሌ ቤት ይህ ነው ተብሎ አይታተምም። አለመቆጠርም ቁስል አለው። በ1987ቱ ቆጠራ ከ170 ሺህ በላይ ሰዎች ቅማንት ተብለው ተመዝግበው ነበር። በ1999ኙ ቆጠራ ግን ቅማንት ለብቻው ሳይሰፍር ቀረ፤ ከዚያ በኋላ በአካባቢያችን ከተነሱት ቅሬታዎች አንዱም ይኸው ነበር። ስለዚህ «የብሔር ስም አይጠራ» ብለው አይከራከሩ። ይልቅ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ የሚጠይቀው ማን ነው? መልሱ ለየትኛው ሥራ ይውላል? ወረቀቱስ የት ይቀመጣል፣ ማንስ ያየዋል? ዓምዱን ያቀረቡት አባላት ሁለተኛውን ጥያቄ መመለስ ይቸግራቸዋል፤ በእድር ሥራ ውስጥ በብሔር የሚፈጸም አንድም ተግባር የለምና።

«ሁሉም ጎንደሬ ነው» የሚሉት አባላት ልባቸው ቅን ነው፤ ጎንደሬነትም እውነት ነው። ነገር ግን ከተማችን አብሮ መኖርን የተማረችው ልዩነትን በመርሳት አልነበረም። በ1660 ዓ.ም. በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ወስኖ ነበር። ቤተ እስራኤል ግንበኛና አናጢ ሆነው በከተማዋ ግንባታ ደክመዋል፤ ሸክላ ሠሪውና ቀጥቃጩ ግን «ቡዳ» እየተባለ ተሸሽቷል። ይህንን የምናነሳው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። «አንድ ነን» ማለት የሚቀለው ልማዱ በእሱ ልክ ለተሰፋለት ሰው ስለሆነ ነው። ድንኳን ውስጥ የሚቀርበው ምግብ የእርስዎ፣ የሚነገረው ቋንቋ የእርስዎ፣ የሚቆጠረው ሣልስትና አርባ የእርስዎ ከሆነ ምንም ልዩነት አይታይዎትም። የሚታየው ሳይበላ ለሚወጣው ነው።

በዓምዱ ምትክ የሚገባው እንግዲህ ይህ ነው። አንድ ገጽ ቅጽ ያዘጋጁና «የሐዘን ቀን ፍላጎት» ይበሉት፤ ለሁሉም 140 ቤት ይሰጥ፣ ለአዲስ ገቢ ብቻ ከተሰጠ ያው ዓምዱ በሌላ ስም ገባ ማለት ነው። የሚጠየቀው ይህ ይሁን፦ ቀብር የሚፈጸምበት ቦታ (ደብሩ፣ መካነ መቃብሩ ወይም የትውልድ አገር)፤ ከሞት እስከ ቀብር የሚፈቀደው ጊዜ፤ አስከሬን የሚያጥበውና የሚገንዘው ማን እንደሆነ፤ በድንኳኑ የሚቀርበው ምግብና የማይቀርበው፤ የሐዘን ቀናቱ ብዛት፤ መርዶ ነጋሪ የሚሆን ዘመድ ስም፣ ስልክና ቋንቋ። መጨረሻ ላይ «እድሩ እንዲያውቅልን የምንፈልገው» የሚል ሦስት ባዶ መስመር ይተዉ። ሃይማኖት የሚል ጥያቄም አያስፈልግም፤ ከእነዚህ መልሶች የሚያስፈልገው ሁሉ ይገኛል። ቅጹ በፖስታ ታሽጎ ይቀመጥ፤ ሞት ሲደርስ ብቻ ሰብሳቢውና ጸሐፊው አብረው ይክፈቱት። ባለቤቱ በፈለገ ጊዜ የመለወጥ መብት እንዳለውም ቅጹ ላይ ይጻፍ።

ይህ ቅጽ ምን ያህል ችግር እንደሚያስቀር በተግባር ይታይ። የሙስሊም ቀብር አይዘገይም፤ ከተቻለ በዕለቱ ይፈጸማል። የእድራችሁ ጥሩምባ ነጋ ሲል ብቻ የሚነፋ ከሆነና ከሰዓት በፊት የሞተ ሰው ለነገ ከተቀጠረ፣ እድርተኛው ሲደርስ ቀብሩ አልቋል፤ ከዚያ «እነሱ አይጠብቁንም»፣ «እነሱ አይቀብሩልንም» የሚል ወሬ ከሁለቱም ወገን ይነሳል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ጥሩምባው በማንኛውም ሰዓት ይነፋ፣ ለእያንዳንዱ 20 ቤት አንድ የስልክ ተጠሪ ይመደብ፤ ሰባት ሰው ለሃያ ለሃያ ቤት ሲደውል በግማሽ ሰዓት ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። የፕሮቴስታንት አማኝ ቤተሰብ ድንኳን ውስጥ መዝሙር ሊኖር ይችላል፣ ተዝካር ግን አያወጣም። ለተዝካር ተብሎ ከእድሩ የሚሰጥ ገንዘብ ካለ ያ ቤተሰብ መዋጮውን እየከፈለ ድርሻውን ያጣል። ስለዚህ ገንዘቡ «ለሐዘን ማስፈጸሚያ» ተብሎ በአንድ ልክ ለሁሉም ይሰጥ፤ በምን እንደሚያውለው ቤተሰቡ ይወቅ።

ዕቃውም ያጣላል፣ ያውም ከገንዘቡ ይልቅ። ሥጋ የተቀቀለበት ጎላና ብረት ድስት ለክርስቲያንም ለሙስሊምም በጋራ ይውላል ብሎ መወሰን በስብሰባ ላይ ያምራል፣ በሐዘን ቤት ግን ዕቃው ሳይነካ ይመለሳል። ሁለት ስብስብ ይኑራችሁ፤ በቀለም ምልክት ይለዩና በተለያየ መደርደሪያ ይቀመጡ። ይህን ለመግዛት አቅም ከሌለ የእድሩ ዕቃ ለእህልና ለአትክልት ብቻ እንዲውል ይደንገግ፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ድንችና ጎመን ረቡዕንና ዓርብን ለሚጾመውም፣ የሌላውን እርድ ለማይበላውም ይሆናሉ። ወንበር፣ ድንኳንና ቃሬዛ ለሁሉም አንድ ነው። ሁሉም ነገር ይቀላቀል ማለታችን እንዳልሆነ ግን ይታወቅ፤ ሰንበቴና ማኅበር በባሕርያቸው የቤተ ክርስቲያን ናቸው፣ የእነሱን ሥርዓት ከእድር ጋር አያምታቱ።

ቀብሩን በተመለከተ አንድ ነገር አጥብቀን እንናገራለን። በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. በከተማችን የብዙ ሰው ሕይወት የጠፋበት ግጭት የጀመረው በቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ በተነሳ አለመግባባት ነው። ሐዘንተኛ በብዛት የሚወጣበት ቦታ በቶሎ ይቀጣጠላል። እድራችሁ ሁለት አስተባባሪ ይመድብ፤ አንደኛው ከሟች ቤተሰብ ወገን፣ ሌላው ከሌላው ወገን ይሁን። ቀብሩ ከመውጣቱ በፊት መንገዱን፣ የመቃብሩን ወሰንና ጎረቤቱን ይዩ፣ የቦታውን ኃላፊዎች አስቀድመው ያናግሩ። ይህ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።

አሁን ወደ ደንባችሁ። የተከራዮቹን ባልና ሚስት ነገር ስናነብ የጠረጠርነው ደንቡን ነው። ብዙ እድሮች «አባል የሚሆነው የቤት ባለቤት ነው» ይላሉ። ቃሉ ስለ ብሔር አንዲት ነገር አይናገርም። ከሌላ አካባቢ የሚመጣ ሰው ግን መጀመሪያ የሚኖረው ተከራይቶ ነው፤ ስለዚህ ደንቡ ማንንም ሳይጠራ መጤውን ብቻ ያስቀራል። እያንዳንዱን አንቀጽ በዚህ ወንፊት ይንፉት፦ በዚህ ምክንያት የሚቀረው ማን ነው? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 32 ማንም ኢትዮጵያዊ በፈለገበት አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይናገራል፤ የሚኖር ሰው ደግሞ ይሞታል፣ ቀባሪም ያስፈልገዋል። መስፈርቱ ነዋሪነት ይሁን፤ ለምሳሌ ሦስት ወር የኖረና ሁለት ጎረቤት የመሰከረለት።

የመግቢያ ክፍያም በድርድር አይወሰን። «እሱ ይችላል፣ ይክፈል» ተብሎ በየሰው የሚተመን ክፍያ ሁሌም ዞሮ ዞሮ በዘመድና በወገን ይተመናል። ስሌቱ ይታይ፦ የእድሩ ንብረት 280,000 ብር ቢገመትና አባላቱ 140 ቢሆኑ የአንድ ቤት ድርሻ 2,000 ብር ነው። አዲስ ገቢ በወር 200 ብር እየከፈለ በ10 ወር ይጨርስ፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሐዘን ከደረሰበት ድንኳኑ፣ ዕቃውና ሰው ሙሉ ይሁንለት፣ ገንዘቡ ግን ግማሽ። ግምቱን በየሁለት ዓመቱ ያድሱት፤ ካልታደሰ ወይ ነባሩ ይጎዳል ወይ አዲሱ።

ስለ ኮሚቴው «ለእያንዳንዱ ብሔር አንድ ወንበር» የሚል ሐሳብ ከመጣ አይቀበሉት። በአገር ደረጃ ሥልጣንን በወገን ማከፋፈል የራሱ ክርክር አለው፤ ሊባኖስ ከ1943 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፕሬዚዳንቱን ከማሮናዊ ክርስቲያን፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ከሱኒ፣ አፈ ጉባኤውን ከሺዓ ትመርጣለች፤ ወንበሩ ለወገን ስለተሰጠም ሰው ከወገኑ ወጥቶ መመረጥ ይቸግረዋል። በሰባት ሰው ኮሚቴ ውስጥ ብቻውን የተቀመጠ «ተወካይ» ደግሞ የድስት ዋጋ ሲነሳ ሳይቀር ስለ ሕዝቡ እንዲመልስ ይገደዳል። ኮሚቴው ከስልክ ተጠሪዎቹ ጋር አንድ ይሁን፦ ከየ20 ቤቱ አንድ፣ በጠቅላላው ሰባት።

የሥራ ድርሻ ግን በትኩረት ይታይ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ጎርደን ኦልፖርት በ1954 እ.ኤ.አ. ጥላቻን የሚቀንሰው መቀራረብ አራት ነገር ሲሟላ ነው ብሎ ነበር፦ እኩል ደረጃ፣ የጋራ ግብ፣ በትብብር መሥራትና የኃላፊዎች ድጋፍ። እድር ሦስቱን ሳይለፋ ያገኛቸዋል። የሚጎድለው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ነው። አዲስ ገቢው ዓመት ሙሉ ድንኳን ሲተክልና ውኃ ሲቀዳ ቆይቶ አንድም ቀን ገንዘብ ሲቆጥር ወይም ቃለ ጉባኤ ሲይዝ ካልታየ፣ መቀራረቡ መበላለጥን ነው የሚያስተምረው። ተራ ያውጡ፤ ድንኳን ተካይ፣ ምግብ አስተናጋጅ፣ ቆጣሪና ቃለ ጉባኤ ያዥ በየሦስት ወሩ ይቀያየሩ።

«አብረን ቡና እንጠጣለን፣ ይበቃል» የሚሉም አሉ። በህንድ ከተሞች ሂንዱና ሙስሊሞች ላይ የተደረገ የታወቀ ጥናት ሌላ ነገር አሳይቷል። የካሊከት ከተማ በሰላም የሰነበተችው በነጋዴ ማኅበሩም ሆነ በሙያ ማኅበሩ ሁለቱን ወገን አደባልቃ በመያዟ፣ የአሊጋር ከተማ ደጋግማ የታመሰችው ደግሞ ባለመያዟ ነበር። በየቤቱ መጠያየቅ መልካም ነው፣ የተደራጀ ወሬ ሲመጣ ግን የሚቋቋመው ደንብ፣ መዝገብና የጋራ ገንዘብ ያለው ማኅበር ነው። የእርስዎ እድር እንዲህ ያለ ማኅበር ስለሆነ ነው ይህን ያህል የምንጨነቅለት።

አሁን ከሁሉ የሚቀድመው ከጉባኤው በፊት ወደ ሁለቱ ቤቶች መሄድ ነው፤ በዚህ ሳምንት ይሂዱ። ሁለት ሰው ይበቃል፤ እርስዎና ቤተሰቡ የሚያከብራት አንዲት እናት። ሰባት ሽማግሌ ከሄደ የተበደለው ሰው እንደ ተከሳሽ ይሰማዋል። የመዋጮ ደብተር ይዘው አይሂዱ፣ ስለ ውዝፉም በዚያ ቀን አያንሱ። «መዝገቡ ላይ ሊገባ ታስቦ የነበረ ነገር ሰምታችኋል፤ እኔ ተቃውሜዋለሁ፣ በጉባኤም እናገራለሁ፤ የተሰማችሁን ግን ከእናንተ መስማት እፈልጋለሁ» ይበሉና ዝም ብለው ያዳምጡ። «አንተ እኮ እንደኛው ነህ፣ አንተን ማን አለህ?» አይበሉ፤ በፍቅር የሚነገር ቢሆንም የሚሰማው «ያንተ ወገን ግን…» የሚለው ነው። «እናንተ ሰዎች»፣ «መጤ»፣ «አገርህ ወዴት ነው?» የሚሉትንም ይተዉ። ለተከራዮቹ ማመልከቻቸው እንዳልተሰረዘና ደንቡ እስኪሻሻል በይደር መቆየቱን የሚገልጽ በማኅተም የተደገፈ ደብዳቤ ይስጧቸው፤ የቃል ማጽናኛ በዚህ ሰዓት አያምኑትም።

ሁለተኛው ሳምንት የኮሚቴው ነው። ዓምዱን ያቀረቡትን ሁለቱን አባላት በሰው ፊት አያዋርዷቸው፤ ባለፉት ዓመታት በአካባቢያችን በደረሰው ፍርሃት የገባቸው ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። የሚያሰጋቸው ምን እንደሆነ ይጠይቁ። «የማናውቀው ሰው ሰፈር ገባ» ከሆነ፣ የሁለት ጎረቤት ምስክርነትና የመታወቂያ ቅጂ ለሁሉም እኩል መጠየቁ ያንን ይመልሳል። አዲሱን ቅጽ ለየቤቱ የማድረሱን ሥራም ለእነሱ ይስጡ።

ለጉባኤው አጀንዳ ሦስት ነጥብ ብቻ ይጻፉ፦ የፍላጎት ቅጹ፣ የነዋሪነት መስፈርቱ፣ የመግቢያ ክፍያ ስሌቱ። የማንም ቤተሰብ ስም በአጀንዳ አይግባ፤ በአንድ ቤት መኖር ላይ ድምፅ መስጠት ከተጀመረ ነገ የማን ቤት እንደሚነሳ አይታወቅም። የአገሪቱ ፖለቲካም በር ላይ ይቅር። የሕዝብ አስተያየት የሚያጠናው ድርጅት አፍሮባሮሜትር በ2012 ዓ.ም. ባደረገው ጥናት አብዛኛው ሕዝብ ፌዴራላዊ አስተዳደርን ሲደግፍ፣ ክልሎች በብሔር ይዋቀሩ ወይስ በመልክዓ ምድር በሚለው ላይ ለሁለት እኩል ሊባል በሚችል መልኩ ተከፍሏል። በአገር ያልተቋጨ ክርክር በእድር ስብሰባ አይቋጭም፤ ሁለቱም ወገን ግን በአንድ ድንኳን ሊያለቅስ ይችላል። ተናጋሪ ለአራት ደቂቃ ይገደብ፤ ከነባሮቹ ሦስት ሰው ከተናገረ በኋላ ሰብሳቢው አዲሶቹን በስም ሳይጠራ «ያልተናገረ ካለ» ብሎ ዕድል ይስጥ። ድምፁ በተጣጠፈ ወረቀት ይሰጥ፤ እጅ በማውጣት ከሆነ ሰው የሚያየው ጎረቤቱን ነው። ለደንብ ማሻሻያ ሁለት ሦስተኛ ይጠየቅ፣ ማለትም 140ው ሁሉ ቢገኝ 94 ድምፅ።

የቴሌግራም ቡድን ካላችሁ ከጉባኤው በፊት ባሉት ቀናት ይጠብቁት። ሁለት አስተዳዳሪ ይኑረው። ሕዝብን የሚያንቋሽሽ ነገር ከተለጠፈ ፎቶ አንስተው ያስቀሩ፣ ከቡድኑ ያጥፉ፣ ለጻፈው ሰው በዚያው ቀን በስልክ ይንገሩት፤ በጽሑፍ መመላለስ ሌላውን ይጎትታል። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግርን እስከ ሁለት ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ያስቀጣል፤ በንግግሩ የተነሳ በሰው ላይ ጥቃት ከደረሰ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ይሆናል። ይህን ለማስፈራሪያ ሳይሆን ለማስታወቂያ በቡድኑ መግቢያ ላይ ይለጥፉት።

ብሔር የሚል ዓምድ የተሰመረበት የናሙና ወረቀት ታትሞ ከሆነ ስንት ቅጂ እንደወጣ ይቁጠሩ፣ ሁሉንም ይሰብስቡ፤ በኮሚቴው ፊት ተቃጥለው ቃለ ጉባኤው ላይ ቁጥራቸው ይስፈር። በማን እጅ አንድ እንደቀረ ካልታወቀ፣ አዲሱ ቅጽ ለየቤቱ ከመታደሉ በፊት ያንን ይፈልጉ።